አራት አክቹዋሪ ይዞ የአምስት ዓመት እቅድ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ ገና እግሩን እየተከለ ላለ የአክቹዋሪዎች (የመድንና የጡረታ ስጋትን በሒሳብ የሚያሰሉ ባለሙያዎች) ማኅበር ጸሐፊ ሆና ተመርጣለች። አባላቱ 60 ናቸው። የውጭ ማኅበራትን የሙያ ፈተና ጨርሰው ፌሎ (ሙሉ ባለሙያ) የሆኑት አራት ብቻ፣ ፈተና ላይ ያሉት 22፣ የቀሩት 34 ተማሪዎችና ኢንሹራንስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች። አማካሪ ቀጥረው የ48 ገጽ ስትራቴጂክ እቅድ አሠርተዋል። ሰባት ምሰሶ አለው፣ 31 ግብ አለው፣ «በአምስት ዓመት 50 ፌሎ» ይላል፣ ራዕዩ ደግሞ «በአፍሪካ ቀዳሚ ማኅበር መሆን» ነው። ይሄን ለጠቅላላ ጉባኤ እናቅርብ ወይ? የራሳችንን ፈተና እንጀምር ወይ? የዓለም አቀፉ ማኅበር አባል እንሁን ወይ? ለአማካሪው የቀረውን ግማሽ ክፍያ እንክፈል ወይ?

እህቴ፣ ሰነዱን ሁለቴ አነበብኩት። አማርኛው ያምራል። ግን «አክቹዋሪ» የሚለውን ቃል አውጥተሽ «የእንስሳት ሐኪም» ብታስገቢበት የሚበላሸው ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ነው። የጥንካሬና የድክመት ትንተናው፣ «ቁርጠኛ አመራር» ምናምን፣ የባለ ድርሻ አካላት ሠንጠረዡ፣ ሁሉም ቢኤስሲ ከተባለው የእቅድና የምዘና ሥርዓት ዘመን ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ያየነው ነው። የሰፈሬ እድር ስትራቴጂክ እቅድ የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም፣ ግን ማን አባል እንደሆነ፣ ስንት እንደሚዋጣ፣ ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል ጠንቅቆ ያውቃል። የእናንተ 48 ገጽ እነዚህን ሦስት ነገሮች አይነግረኝም።

ከ50ው ፌሎ ልጀምር፣ ምክንያቱም እውነት ለመናገር ያናደደኝ እሱ ነው። የእኛ ሥራ ምንድን ነው? ስንት ሰው ይገባል፣ ስንት ይወጣል፣ ስንት ይቀራል ብሎ ማስላት አይደለም እንዴ? ለጡረታ ፈንድ የምንሠራውን ስሌት ለራሳችን ማኅበር ሳንሠራ ቁጥር ከሰማይ አወረድን። እስቲ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አብረን እንሥራው። ዛሬ አራት ፌሎ አላችሁ እንበል። በዓመት አንድ ሰው ፈተናውን ይጨርሳል፣ ከፌሎዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ከአራት አንዱ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቶሮንቶ ይሄዳል። ከአራት አንድ ሲቀነስ ሦስት፣ አንድ ሲጨመር አራት። በአምስተኛውም ዓመት አራት ናችሁ። በአሥረኛውም። አሁን ደግሞ ቀና ብለን እናስብ፦ በዓመት ሁለት ሰው ይጨርስ፣ የሚሄደው ደግሞ ከአሥር አንድ ብቻ ይሁን። በአምስት ዓመት መጨረሻ አሥር ወይም አሥራ አንድ ትሆናላችሁ። 50 ለመድረስስ? የሚሄደው ከአሥር አንድ ብቻ ሆኖ እንኳ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሰው ገደማ መጨረስ አለበት። ፈተና ላይ ካሉት 22 ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ በየዓመቱ፣ አምስት ዓመት ሙሉ። ይሄ ፈተና ብዙ ሰው ላይ ከአምስት ዓመት በላይ እንደሚፈጅ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

እነዚህ የመግቢያና የመውጫ መጠኖች የኔ ግምት ናቸው፣ የእናንተን አላውቅም። ግን እናንተ ልታውቁት ትችላላችሁ። 60 ሰው ነው፣ ስልክ መደወል ነው። ማን ስንተኛ ፈተና ላይ ነው፣ ስንቴ ወደቀ፣ ለምን ወደቀ፣ ማን ፓስፖርት አውጥቷል። አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው እቅድ ሁሉ ከዚህ ሠንጠረዥ ነው የሚወጣው። ስታዩት ምናልባት ትልቁ ችግራችሁ ሰው መሄዱ ሳይሆን አራተኛው ወይም አምስተኛው ፈተና ላይ መቆሙ ይሆናል። ያኔ ገንዘባችሁን የምታውሉት እዚያ ነው፤ የጥናት ቡድን፣ የፈተና ሰሞን ከአሠሪ የሚገኝ ፈቃድ፣ አስጠኚ። ወይም ችግሩ የምዝገባ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ተንሳፍፎ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በፓውንድና በዶላር የሚከፈል ፈተና ለባንክ ጀማሪ ደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ፈተናውን የሚሰጠው የእንግሊዙ የአክቹዋሪዎች ኢንስቲትዩት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አባላት የቅናሽ ክፍያ አለው፣ ስንቶቹ አባሎቻችሁ ጠይቀውታል? ይሄን ማጣራት ከሰባቱ ምሰሶ ከአምስቱ ይበልጣል።

የራሳችሁን ፈተና ስለመጀመር፦ አትጀምሩ። ደቡብ አፍሪካ ማኅበሯን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሙያውን ከሥር እስከ ላይ በራሷ ፈተና መስጠት የጀመረችው በ2010። 62 ዓመት! ያውም ያን ሁሉ ኩባንያ፣ ያን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ይዛ። ፈተና ማለት ጥያቄ የሚያወጣ፣ የሚያርም፣ ያረመውን የሚያርም፣ ቅሬታ የሚሰማ ሰው ማለት ነው። አራት ፌሎ ይዛችሁ ፈታኙም፣ አስጠኚውም፣ ይግባኝ ሰሚውም አንድ ሰው ሊሆን ነው። እናንተ የምትችሉት አገርኛውን ክፍል ነው፦ የአገሩን የመድን ሕግ፣ የጡረታ አዋጁን፣ የብሔራዊ ባንክን መመሪያዎች የሚሸፍን የሁለት ቀን ኮርስና አጭር ፈተና። ሌላውን ለለንደንና ለአሜሪካ ተዉት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ረቂቁ ገጽ 31 ላይ «የሥነ ምግባር ደንብ ማዘጋጀት» የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ መስመር! ለእኔ የእቅዱ ግማሽ እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ በታሪክ ልንገርሽ። ኢኩዊተብል ላይፍ የሚባል የለንደን የሕይወት መድን ድርጅት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1762 የተመሠረተ። «አክቹዋሪ» የሚለው የሥራ መጠሪያ ራሱ በዚህ ሙያ ሥራ ላይ የዋለው እዚያ ነው ይባላል፣ የሙያችን እትብት የተቀበረበት ቤት በይው። ይሄ ድርጅት ከ1957 እስከ 1988 ድረስ ለጡረታ ደንበኞቹ «ስትወጡ ቢያንስ ይሄን ያህል ዓመታዊ ክፍያ እንሰጣችኋለን» የሚል ዋስትና ያለው ውል ሸጠ። ወለድ ከፍ ባለበት ዘመን ዋስትናው ምንም ወጪ አልነበረውም። ወለዱ ሲወርድ፣ ሰው ዕድሜው ሲረዝም፣ ዋስትናው ድንጋይ ሆኖ ተጫናቸው። ድርጅቱ ዋስትናውን የሚጠይቁትን ደንበኞች ቦነስ በመቀነስ ሊያካክሰው ሞከረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በሐምሌ 2000 የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ) «አይቻልም» አለ፣ በታኅሣሥ ድርጅቱ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቆመ። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ በ1990ዎቹ ለተወሰኑ ዓመታት የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚና ስሌቱን የሚፈርመው ተሿሚ አክቹዋሪ አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ምርመራ መጣ፣ በ2004 የሎርድ ፔንሮዝ ሪፖርት ወጣ፣ በ2005 ሰር ዴሬክ ሞሪስ ሙያውን በሙሉ ገምግመው አቀረቡ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1848 ጀምሮ ራሱን በራሱ ሲያስተዳድር የኖረ ሙያ ከ2006 ጀምሮ የቴክኒክ መመዘኛዎቹን የማውጣት ሥልጣን ወደ ውጭ አካል፣ ወደ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ ካውንስል ሄደበት። ቤቱን ራሱ ካልጠረገው ሌላ መጥቶ ይጠርግለታል፣ ቁልፉንም ይዞ ይሄዳል።

ወደ እኛ ስናመጣው ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር ይጨመርበታል። አራት ፌሎ ናችሁ። አንደኛው የሌላኛው የቀድሞ አለቃ ነው፣ ሦስተኛው የሠርጉ ሚዜ ነበር። ከአራታችሁ አንዱ የማይሆን ሪፖርት ቢፈርም ማን ነው የሚጠይቀው? ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ኩባንያ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ሰሞን ኃላፊው ቢሮ ጠርቶኝ ቡና አዘዘልኝና «ይሄ የመጠባበቂያ ቁጥር ትንሽ ቀነስ ቢል ምን ይላል?» አለኝ። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም፣ በጣም በትሕትና ነው የጠየቀኝ። የዳንኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። «ብቀንሰው የማኅበሩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጠይቀኛል፣ ወረቀቴን ያሳጣኛል» ማለት ስለቻልኩ ነው። የውጭ ማኅበር አባል ነበርኩ፣ እሱም ገባው፣ ቡናውን ጠጥተን ተለያየን። አባሎቻችሁ ይሄን ዓረፍተ ነገር መናገር እንዲችሉ ማድረግ ነው የማኅበሩ ሥራ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሥነ ምግባር ደንቡን ጻፉ፣ ከዜሮ መጀመር የለባችሁም፣ የሌሎች አገሮች ማኅበራት ደንቦች በይፋ የሚነበቡ ናቸው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውስጥ ግን አብላጫውን ከውጭ አምጡ። አንድ ጠበቃ፣ አንድ የተመሰከረለት ኦዲተር፣ ውጭ አገር የሚኖር አንድ ሐበሻ አክቹዋሪ አይበዙም። አሜሪካና ካናዳ ያሉት ወገኖቻችን «አገሬን ላግዝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የምንጠይቃቸው ገንዘብ ነው። ገንዘቡን ተዉት። እያንዳንዱ አንድ ፈተና ላይ ያለ ልጅ ይያዝ፣ በወር አንድ ሰዓት፣ አንዳንዱ ደግሞ ኮሚቴ ላይ ይቀመጥ። የሚዜ ችግር የለበትም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ፣ ረቂቁ ጨርሶ ያልነካው ጉዳይ አለ፦ ማን ነው የሚመርጠው? 60 ሰው እኩል ድምፅ ካለው 34ቱ ፈተና ያልጀመሩት ጉባኤውን ይወስኑታል። ነገ ከመካከላቸው አንድ የተከበሩ ጋሼ፣ ኢንሹራንስ ውስጥ 25 ዓመት የሠሩ፣ «በልምድ ፌሎ ይባሉ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እጅ ይወጣል። ማን ፊት ለፊታቸው «አይሆንም» ይላል? እዚያ ቀን ማኅበራችሁ አለቀለት፣ ምክንያቱም ያ ስም ውጭ ያለ ማንም አይቀበለውም። በሌላ በኩል አራቱ ብቻ ከወሰኑ ማኅበር መሆኑ ቀርቶ የጓደኛሞች እቁብ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ በሙያ መመዘኛና በሥነ ምግባር ጉዳይ ፌሎዎችና የተወሰነ ፈተና ያለፉ ብቻ ይመርጣሉ፤ በመዋጮ፣ በዝግጅት፣ በቦርድ ምርጫ ሁሉም ይመርጣል። ለጋሼም «ተባባሪ አባል» የሚል የክብር ቦታ፣ ከፈለጉም የኢንዱስትሪ አማካሪነት። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስት ሰው ማኅበር መመሥረት ይችላል፣ መመሥረቱ ቀላል ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይሄን መጻፍ ነው ከባዱ፣ ሰው ሳይበዛ አሁኑኑ ጻፉት።

የዓለም አቀፉ ማኅበር ጉዳይም በዚህ ይመለሳል። የዓለም አቀፉ አክቹዋሪዎች ማኅበር መነሻው እ.ኤ.አ. የ1895ቱ የብራስልስ ጉባኤ ነው፣ ከ1998 ወዲህ ደግሞ የማኅበራት ማኅበር ሆኗል፣ ጽሕፈት ቤቱ ኦታዋ ነው። ሙሉ አባል ለመሆን የሚጠይቀው የሥነ ምግባር ደንብ፣ የሚሠራ የዲሲፕሊን ሥርዓት፣ መመዘኛ የሚወጣበት ግልጽ አካሄድ፣ የትምህርት ደረጃ ነው። እነዚህን ከሠራችሁ አባልነቱ ይከተላል። በተባባሪ አባልነት ጀምሩ፣ የሚጠይቀው ያንሳል። አባልነቱን ግብ አድርጋችሁ ደንቡን ለማመልከቻ ማሟያ ብቻ ብትጽፉት ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የምጓጓለት ግን ሌላ ነው። መረጃ። ከ18 የማያንሱ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ካሳ ታሪክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል፣ አረቦን ሲተምን ግን ጎረቤቱ ስንት እንዳስከፈለ ሰምቶ ትንሽ ቀንሶ ነው። የሕይወት መድን ስንተምን የሌላ አገር የሟቾች ሠንጠረዥ (በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳይ) እንበደራለን። የሕዝብ ቆጠራችን እንኳ የመጨረሻው የ1999ኙ ነው። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1924 ኩባንያዎች የሟቾችን መረጃ ለማኅበሩ የሚሰጡበት ቋሚ ጥናት ጀመሩ፣ እስከ ዛሬ አለ፣ ዛሬ ሠንጠረዡን የማይጠቀም ኩባንያ የለም ማለት ይቻላል። ሚስጥሩ ቀላል ነው፦ ኩባንያ ለተፎካካሪው መረጃ አይሰጥም፣ ገለልተኛ ለሆነ ማኅበር ግን ይሰጥ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪ ስለሆነ ይፈሩታል፣ ዩኒቨርሲቲው የሥራውን ሆድ ዕቃ አያውቀውም። እዚህ ቦታ ላይ ከእናንተ በቀር የሚቆም የለም።

ግን በሟቾች ሠንጠረዥ አትጀምሩ። ሁላችንም በፈተና የሸመደድናት 1,082 የምትባል ቁጥር አለች አይደል? በራስሽ መረጃ ሙሉ በሙሉ ለመተማመን ስንት ክስተት እንደሚያስፈልግ የምትነግረን፦ 90 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ስሕተት፣ 1,082 ክስተት። የሕይወት መድን ገበያችን ትንሽ ነው፣ በዕድሜና በፆታ ስትከፋፍዪው እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቢው። በተሽከርካሪ ጀምሩ። የተሽከርካሪ ካሳ ሞልቷል፣ ኩባንያዎቹን የሚያደማቸውም እሱ ነው። ሦስት ፈቃደኛ ኩባንያ ይበቃል። የታርጋ ቁጥርና የደንበኛ ስም ሳይኖር፣ የተሽከርካሪው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የተከፈለ ካሳ፣ ቀን። የመጀመሪያው ዓመት መረጃው ቆሻሻ ይሆናል፣ አንዱ ኩባንያ «አይሱዙ» ብሎ ሌላው «የጭነት» ብሎ ይጽፋል፣ ማጽዳቱ ራሱ ለተማሪዎቻችሁ ምርጥ ትምህርት ነው። በሁለተኛው ዓመት አሥር ገጽ ሪፖርት አውጡ። መረጃ ላልሰጠ ኩባንያ ሪፖርቱ በክፍያ ይሁን። ያኔ አራተኛው ኩባንያ ራሱ ይደውልላችኋል።

ገንዘቡም እዚያው አለ። የ60 ሰው መዋጮ ቢሮ አያከራይም፣ ቢሮም አያስፈልጋችሁም። ስልጠና ሽጡ። የኢንሹራንስ ውሎች ሒሳብ አያያዝ አዲሱ መመዘኛ፣ አይኤፍአርኤስ 17፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በዓለም ሥራ ላይ ውሏል፣ የፋይናንስ ክፍል ሰዎች ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። ባንኮቹ ደግሞ የሠራተኛ ስንብት ክፍያ ዕዳቸውን በአክቹዋሪ ስሌት መገመት አለባቸው። ስፖንሰር ላይ ግን ተጠንቀቁ። የምትገመግሙት ኩባንያ የማኅበሩን ዓመታዊ እራት ብቻውን ከከፈለ ያ ይሉኝታ የምንለው ነገር ተቋማዊ ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ድርጅት ከዓመት ገቢያችሁ አንድ አምስተኛ በላይ አትቀበሉ፣ ደንቡ ላይ አስፍሩት።

«ሕጉ በአገር ውስጥ አክቹዋሪ ብቻ ይፈረም እንዲል መወትወት» የሚለውን ግብ ሰርዙት፣ ቢያንስ ለአሁኑ። ስሜቱ ይገባኛል፣ ለውጭ ባለሙያ በዶላር ሲከፈል ያንገበግባል። ግን ነገ ብሔራዊ ባንክ «እሺ» ቢላችሁስ? አራት ሰው የ18 ኩባንያ፣ የባንኮቹን፣ የጡረታ ፈንዶቹን ሥራ ይፈርማል? ሳያነብ መፈረም ይጀምራል፣ እሱም ወደ ኢኩዊተብል ይመልሰናል። በምትኩ የውጭው ባለሙያ ሲመጣ አንድ የእናንተ ተፈታኝ አብሮት እንዲሠራ ጠይቁ። ይሄን ማንም እምቢ አይልም። በጎን ደግሞ የሕዝብ ጉዳይ ላይ ጻፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 በ13 ወረዳ ሲጀመር ጀምሮ «መዋጮው ስንት ይሁን» የሚለው ንጹሕ የአክቹዋሪ ጥያቄ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት ጡረታም እንዲሁ። ቦረና ላይ ከሐምሌ 2004 ጀምሮ በሳተላይት የሣር ልምላሜ እየታየ ካሳ የሚከፈልበት የከብት መድን አለ፣ ስንቱ አባላችሁ ቀመሩን ያውቀዋል? በዓመት አንድ ጥሩ የአራት ገጽ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ ጋዜጠኛ የሚገባው። ይበቃል።

እቅዱን እንዴት ትጽፉታላችሁ ላልሽኝ፦ ሦስት ገጽ። አንደኛው ገጽ ያ የአባላት ሠንጠረዥ፣ ሁለተኛው በዚህ ዓመት የምትሠሩትና ስሙ የተጻፈ ሰው፣ ሦስተኛው የማትሠሩት። ሦስተኛውን ገጽ አትዝለሉት፣ ጉባኤ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚያ ነው፣ ይነሣ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ግምታችሁንና የሆነውን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ልክ ለደንበኛ እንደምናደርገው።

የአማካሪውን ቀሪ ክፍያ ክፈሉ። ቢጋሩን፣ ለአማካሪው የሰጣችሁትን የሥራ ትእዛዝ፣ አያይዘሽልኝ ነበር አይደል፣ አየሁት። «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ፣ ከ40 ገጽ ያላነሰ» ይላል። ሰውየው ያዘዛችሁትን ነው ያመጣው።